ተራ ቁጥር ስድስት

አንድ መስመር ተረፈ።

የዓለምዘርፍ ብሩሹን በቀለሙ ጣሳ አፍ ላይ አጋድማ ቆርቆሮውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ፊታውራሪ አጥናፉ «ደንቡ ስድስት ነው» ስላሏት ስድስት መስመር አስምራ ነበር። አምስቱን አንድ በአንድ ነገሯት። ከዚያ ከደሴ የመጡት እንግዶቻቸው ላንድሮቨሩን ሲያስነሱ «መጣሁ» ብለዋት እየተጣደፉ ሄዱ፤ አልተመለሱም። ስድስተኛውን ረስተውት ይሁን ወይም መጀመሪያውኑ ሳይኖራቸው፣ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። እስካሁን የጻፈችው እንዲህ ይላል፦

የሰንበሌጥ ሐይቅ መናፈሻ የጎብኚዎች ደንብ
፩ መግቢያ ለአዋቂ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ለልጅ አሥር ሳንቲም ነው።
፪ በመኪና የሚገባ አንድ ብር ይከፍላል።
፫ ልብስ ማጠብ ክልክል ነው።
፬ ያለ ፈቃድ ዓሣ ማጥመድ ክልክል ነው።
፭ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መቆየት ክልክል ነው።

ሰንበሌጥን ሐይቅ ማለት ትንሽ ማሞገስ ነው። ክንዱ የጠና ጎረምሳ ከአንዱ ዳር የወረወረው ድንጋይ እሌላው ዳር ያርፋል። ግን ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ያቺ ትንሽ ከተማ ሌላ የላትምና ሐይቅ ትለዋለች። መሬቱ የፊታውራሪ ነው። እሳቸው አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ደርሰው ሲመለሱ፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሐይቅ ዳር የሚቀመጥበት ቦታ አይተው መጡ። ውሃ ለማየት የሚከፍል ሰው መኖሩ ገርሟቸው ሳያበቃ፣ ውሃ ያላቸው ሰው እሳቸው መሆናቸው ትዝ አላቸው። በ1965 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዙሪያውን በድንጋይ ካብና በእሾህ አሳጠሩ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር አስተከሉ፣ አምባቸው የሚባለውን ሎሌያቸውን ዱላ አስይዘው በር ላይ አቆሙ። የቀረው ደንቡን የሚጽፍ ሰው ነበር።

የከተማው ጸሐፊ የልጅቱ አባት መሪጌታ ክንፈ ነበሩ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊት የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ ግን ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። የዓለምዘርፍ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ በወስፌ መስመር ስታሰምርላቸው አድጋ፣ አሁን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ፊደሏ ከእሳቸው ፊደል አይለይም። ስድስተኛ ክፍል ናት። ሰባተኛ ክፍል ያለው መካነ ሰላም ነው፤ መካነ ሰላም ደግሞ የሚያስጠጋት ዘመድ የለም። ፊታውራሪ ደንቡን አሳምራ ከጻፈችላቸው እዚያ ካለችው እህታቸው ቤት ሊያስቀምጧት ቃል ገብተውላታል። ስለዚህ ትንፋሿን ውጣ ነበር የምትጽፈው።

እና አንድ መስመር ተረፈ። አባቷ በብራና ላይ ባዶ መስመር አይተዉም። ብራና የበግ ቆዳ ነው፣ የስንት ቀን ድካም ነው። ከዚያም በላይ፣ ባዶ የተተወ መስመር ላይ ሌላ እጅ የፈለገውን ይጽፍበታል ይሏታል። ይህን ከፊደል ጋር ነው የቆጠረችው።

ምን ልሙላበት ብላ ስታስብ፣ ውሃ ቀድተው ከሐይቁ የሚመለሱ ሴቶች በአጠገቧ አለፉ። የመጨረሻዋ የጓደኛዋ የአልታየች እናት እትዬ ብርሀንነሽ ነበሩ። ጽሑፉን ሊያዩ ጎንበስ ሲሉ ከእንስራቸው ሥር የተንጠባጠበ ጭቃ አራተኛው መስመር ላይ ወድቆ ያልደረቀውን ቀለም አበላሸው።

«ውይ፣ አጠፋሁብሽ የኔ ልጅ» አሉ። «አብሽሪ፣ ይደርቃል። ጣትሽን ይባርከው፤ የኔዋ እንዳንቺ ብትጽፍ ምን ነበረበት።»

የዓለምዘርፍ ምንም አይደለም አለች። ውስጧ ግን በገነ። ግማሽ ቀን የለፋችበት ነው። ጭቃውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ የተበላሸውን ቃል መልሳ አደመቀችው። ከዚያ ብዙ ሳታስብ ብሩሹን ነክራ ስድስተኛው መስመር ላይ ጻፈች፦

፮ እንስራ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

መስመሩ ልክ ሞላ። ከሁሉም ያማረው እሱ ሆነ።

በማግስቱ ፊታውራሪ ቆርቆሮውን እያነበቡ ወረዱና ስድስት ላይ ቆሙ። ይቺ ደግሞ ከየት መጣች አሏት። የዓለምዘርፍም ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ዳሩን በጭቃ እንደሚያበላሹት ተናገረች። እሳቸው ትንሽ አሰቡና ሳቁ። ጎብኚ ጭቃ አይወድም፣ መልካም አስበሻል አሏት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የከተማዋ ሴቶች ውሃ እንዳይቀዱ የከለከለ ሰው አልነበረም። ክፍያው ለጎብኚ ነው፤ እንስራ የያዘች ሴት ደግሞ ጎብኚ አይደለችም። ስድስተኛው ደንብ ከማን እንደመጣ የሚያውቁት ልጅቱና ፊታውራሪ ብቻ ናቸው።

መሪጌታ ሰሌዳው በተሰቀለ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በዚያ በኩል አለፉና ልጃቸው እንድታነብላቸው ጠየቋት። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ማን እንዳስጻፋት ጠየቋት። ፊታውራሪ ናቸው አለች። በሕይወቷ ለአባቷ ከነገረቻቸው ጥቂት ውሸቶች አንዱ ነው።

«መስመር ለመሙላት ነጠብጣብ ይበቃ ነበር» አሉ መሪጌታ።

እውነታቸውን ነው። በብራናው ላይ ቃል ሲያልቅና መስመር ሲተርፍ፣ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ እያፈራረቁ እስከ ኅዳጉ ይሞሉታል። እሷ ራሷ ስንቴ ሞልታዋለች። ያን ቀን ግን በንዴት ረስታዋለች።

መጀመሪያ ጉዳቱ አልታየም። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ምንጭ ስለነበረ ሴቶቹ አጉረምርመው ወደዚያ ዞሩ። በትምህርት ቤት ነገሩ መሳቂያ ሆነ። አምባቸው ማንበብ አይችልም፤ ስድስቱን ደንብ በጣቱ እያስቆጠረች ያስጠናችው የዓለምዘርፍ ናት። ስለዚህ ሰው ሲከለክል ቁጥሩን ብቻ ይጠራል። ልብስ ላጠበች «ሦስት»፣ እንስራ ለያዘች «ስድስት» ይላል። አልታየች በእረፍት ሰዓት ዱላ ይዛ እሱን እያስመሰለች ክፍሉን ሁሉ ታስቅ ነበር። በጽሕፈት ሰነፍ ናት፣ በሒሳብ ግን የሚደርስባት የለም፤ የዓለምዘርፍንም «ባለ ቀለሟ» እያለች ትጠራታለች።

ከዚያ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ከምሥራቅ፣ ከቆላው በኩል፣ ሰው ከብቱን ጨርሶ በመንገድ ላይ እየወደቀ ነው የሚል ወሬ ይመጣ ነበር፤ በሚያዝያ ወሬው ቀርቶ ሰዎቹ ራሳቸው መጡ። በዚያው ወር ምንጩ ነጠፈ። የቀረው ውሃ ወይ ሰንበሌጥ ነው፣ ወይ ደግሞ ከገደሉ ሥር ያለው ወንዝ። ወደ ወንዙ ጎህ ሲቀድ የወረደች ሴት ቀትር ላይ ነው እንስራዋን አዝላ ብቅ የምትለው፤ ያውም ቁርስ የበላች እንደሆነ ነው። በዚያ ዓመት ቁርስ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሴቶቹ በሩ ላይ ለመኑ። አምባቸው «ስድስት» አለ። እንስራ ትተው ቅል ይዘው መጡ። ቅልም የእንስራ ልጅ ነው አላቸው። ወርቂቱ የምትባል አራስ አንድ ዶሮዋን ሸጣ ሃያ አምስት ሳንቲም ከፈለች። ገንዘቡን ተቀብሎ እንስራዋን በር ላይ አስቀምጦ አስገባት። ገብታ በእጇ እየጨለፈች እስክትጠግብ ጠጣች፣ እንደ ጎብኚ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትንሽ ተቀመጠች፣ ባዶ እንስራዋን አንስታ ወደ ቤቷ ሄደች።

የዓለምዘርፍ በግንቦት አንድ ቀን ቆርጣ ፊታውራሪ ቤት ሄደች። ስድስተኛው ደንብ ቢነሳ፣ ቢያንስ ዝናብ እስኪመጣ፣ ብላ ለመነች። አልተቆጡም። አንቺው ጽፈሽ አንቺው ልትፍቂው ነው ወይ ብለው ሳቁና፣ እንግዶቹ የቦታውን ንጽሕና እንዳደነቁላቸው ነገሯት። ቀጥለውም ለእህታቸው ደብዳቤ መጻፋቸውን፣ መስከረም ላይ የምትተኛበት መደብ መዘጋጀቱን አጫወቷት። አላስፈራሯትም። ማስፈራራትም አላስፈለጋቸውም። የዓለምዘርፍ ጉልበታቸውን ስማ ወጣች፤ በመንገድ ላይ በራሷ አፈረች፣ ቤቷ ስትደርስ ግን ማፈሯን ለማንም አልነገረችም።

እትዬ ብርሀንነሽ የሞቱት በሰኔ ነው፣ ዝናቡ ሊመጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። ገደሉን ሲወጡ አንድ ድንጋይ ላይ እንስራቸውን አሳርፈው ተቀመጡ። ከኋላ ትንሿን እንስራ ይዛ የምትከተለው አልታየች ስትደርስ እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አገኘቻቸው፤ ያንቀላፉ መስሏት ላለመቀስቀስ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ጠበቀች። እንስራው አልተሰበረም፣ ውሃውም አልፈሰሰም። ለቅሶ የመጣው ሰው የጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።

በለቅሶው የዓለምዘርፍ ጓደኛዋን አቅፋ አለቀሰች። ልቧ ውስጥ የነበረውን ግን አላወጣችውም። የአልታየች አባት ንጉሡ ሥራ ፍለጋ ሁመራ እንደወረደ አልተመለሰም፤ ስለዚህ አልታየች ትምህርቷን ትታ ሁለት ታናናሽ እህቶቿን ማሳደግ ያዘች። መስከረም ሲጠባ የዓለምዘርፍ ወደ መካነ ሰላም ሄደች።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፣ መሬት ለአራሹ ታወጀ፣ ፊታውራሪ አጥናፉ ታስረው ወደ ደሴ ተወሰዱ። የእህታቸው ቤት ስለታሸገ የዓለምዘርፍ ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ተመለሰች። በግንቦት 1967 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበሩ ሲቋቋም ሊቀ መንበር ሆኖ የተመረጠው አምባቸው ነው። ዱላውን ያስታወሰ አልነበረም፤ ያስታወሰውም ዝም አለ።

አምባቸው የዓለምዘርፍን አስጠርቶ ሰሌዳውን በአዲስ ቀለም እንድትጽፍ አዘዛት። ርዕሱ «የሰፊው ሕዝብ መናፈሻ» እንዲሆን ፈለገ። ክፍያው እንዳለ ይቀጥላል፣ ለማኅበሩ ነው። ስድስተኛው ግን ይውጣ፤ እሱ የፊታውራሪው ግፍ ነው አላት። ይህን ሲል ዓይኗን እያየ ነበር፤ ደንቡ ከማን እጅ እንደወጣ አያውቅምና ፊቱ ላይ ምንም አላየችበትም። ቆርቆሮውን አሳምራ ከጻፈች ማኅበሩ ስምንተኛን እንድትጨርስ ደብዳቤ ሊጽፍላት እንደሚችልም ነገራት። የዓለምዘርፍ ይህን ቃል ከዚህ በፊት የሰማችው መሰላት።

አምስቱን ጽፋ ሰጠችው። በዚህ ጊዜ ያሰመረችው አምስት መስመር ብቻ ነበር። ሰሌዳው ሲሰቀል ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው ገቡ፣ እልል ተባለ፣ እሷም ከሕዝቡ ጋር ቆማ አጨበጨበች። ነገሩ አለቀ ብላ አሰበች። ስትተኛ ግን እንዳላለቀ ታውቅ ነበር።

በሳምንቱ አልታየች ከደብተር የተገነጠለ ግማሽ ገጽና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ከስታ ረዝማለች፣ እጇ ተሰነጣጥቋል። እሑድ በስብሰባው ላይ ተነስታ ስለ እናቷ ሞት እንድትናገር አምባቸው ነግሯታል። ንግግሩ ተጽፎ፣ አሻራዋ ተደርጎበት፣ የፊታውራሪውን ነገር ለሚመረምሩት ሰዎች ደሴ ይላካል። እሷ ደግሞ ጽሕፈቷ ድሮም ጽሕፈት አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ እስክሪብቶ አልጨበጠችም።

«አንቺ ጻፊልኝ» አለች። «ያንቺ ፊደል ላይ ሐሰት እንኳ እውነት ይመስላል።»

ድሮ እንደምታደርገው ለማሾፍ ነው ያለችው፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረች። የዓለምዘርፍ እስክሪብቶውን ተቀበለቻት። ገጹን ሳጥኑ ላይ ዘረጋችና በልማዷ መስመሮቹን ቆጠረች። ጥግ ላይ መሪጌታ ክንፈ መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል። አሁን ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ያዳምጣሉ።

አልታየች ተናገረች፣ እሷ ጻፈች። እኔ አልታየች ንጉሡ። እናቴ ብርሀንነሽ በ1965 ዓ.ም. በሰኔ ወር ከገደል ውሃ ቀድታ ስትመለስ በረሃብና በድካም ሞተች። ሰንበሌጥ ሐይቅ ከቤታችን የአንድ ጥሪ መንገድ ነበር። እዚህ ላይ አልታየች እስክሪብቶው እስኪደርስባት ጠበቀች። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው፤ ፊታውራሪ አጥናፉ ከልባቸው ክፋት እንስራ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ደንብ አወጡ፤ እናቴን የገደላት ያ ደንብ ነው።

የዓለምዘርፍ እጅ ቆመ። ቃሉ ሁሉ በውብ ፊደል ተሰድሮ ተቀምጧል። ፊታውራሪ ይህን ወረቀት ሲያዩ ምን ሊሉ ይችላሉ? ልጅቱ ናት ቢሉስ ማን ያምናቸዋል? ማንም አያምናቸውም። ሰውየው ደግሞ ንጹሕ አይደሉም፤ አንብበውት ነው የሳቁት፣ ለምናቸው ነው እምቢ ያሉት። ይህን ሁሉ አሰበች። እያንዳንዱ ሐሳብ እውነት ነበር፣ አንዱም ግን አላሳረፋት።

«ቆመሽብኝ እኮ» አለች አልታየች። «ተፈጠመ?»

«አንድ መስመር ይቀራል።»

የመሪጌታ መቁጠሪያ ድምፅ ቆመ። የዓለምዘርፍ ወደ አባቷ ዞረች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አድርገው ተቀምጠዋል።

አልታየች ግን መፍትሔውን ይዛ ነበር የመጣችው። አምባቸው መጨረሻ ላይ መፈክር እንድታስገባ ነግሯታል፤ የፈለግሽውን መፈክር ጨምሪበት፣ አንቺ ከኔ የተሻለ ታውቂያለሽ አለቻት። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ልንገርሽ፣ ባለ ቀለሟ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት የማስበው ስለ ፊታውራሪው ደንብ ነው። ሰው እንዴት ተቀምጦ እንዲህ ያለውን ያስባል እላለሁ። የሆነ ነገር ብለነው ይሆን? አስቀይመነው ይሆን? እናቴ እኮ ሰው አታስቀይምም።»

የዓለምዘርፍ ያ የጭቃ ጠብታ ታያት። ጣትሽን ይባርከው ያሏት ታወሳት። በአፏ ልትነግራት አልደፈረችም። ነጠብጣብ ልትሞላበት ትችላለች። መፈክር ልትሞላበት ትችላለች፤ ከተማው ሁሉ መፈክር ሆኗል፣ አንድ ቢጨመር ማንም ልብ አይለውም። እስክሪብቶውን አጥብቃ ያዘችና በመጨረሻው መስመር ላይ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ቀጥ አድርጋ ጻፈች፦

ደንቡን መጀመሪያ አስቤ የጻፍኩት እኔ የዓለምዘርፍ ክንፈ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም፤ ፊታውራሪ አንብበው አጸደቁት።

መስመሩ አልበቃትም። ትርፉን ኅዳጉ ላይ ወደ ታች አጠፈችው፤ አባቷ ቢያዩት የማይወዱት አጻጻፍ ነው።

አልታየች ወረቀቱን አጥፋ ጡቷ ሥር ልትከተው እጇን ዘረጋች።

«አትጠፊው» አለች የዓለምዘርፍ። «አንብቢው። እዚሁ።»

«እሑድ አነበው የለ?»

«አሁን አንብቢው።»

አልታየች ግራ ገብቷት አየቻት፤ ከዚያ ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብላ ተቀመጠች። ማንበብ ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗታልና ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አስቀምጣ፣ እየቆጠረች በዝግታ ማንበብ ጀመረች። የዓለምዘርፍ ተነስታ መውጣት ትችል ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። እስክሪብቶውን ሳጥኑ ላይ አስቀምጣ ከጓደኛዋ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። የአልታየች ጣት ሦስተኛውን መስመር ጨርሶ ወደ አራተኛው ወረደ።